ለፖድካስት ኮከብ፣ የጽሑፍ አስተያየት ወይስ የግል መልእክት? የአድማጭ ምዘና መንገዶች ንጽጽር

ፖድካስት (በኢንተርኔት በተከታታይ ክፍሎች የሚለቀቅ ዝግጅት) የሚያደምጥ ሰው ሁለት ጊዜ ምርጫ ይገጥመዋል። የመጀመሪያው ከማድመጡ በፊት ነው፤ የማያውቀውን ዝግጅት ለመክፈት ወይም ለመተው ሲያስብ ሌሎች የሰጡትን ኮከብና የጻፉትን አስተያየት ይመለከታል። ሁለተኛው አድምጦ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ደስ ያሰኘውን ወይም ቅር ያሰኘውን ነገር የትና በምን መልክ እንደሚናገር መወሰን ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለት ጉዳዮች እንደ አንድ ስለምናያቸው በእጃችን ያለው መተግበሪያ ያቀረበልንን ቁልፍ ተጭነን እናልፋለን። ኮከብ ለመምረጥ ለተቸገረ ሰው ፈጣን ምልክት ቢሆንም ለአዘጋጁ የሚነግረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ለአዘጋጁ በግል የተላከ መልእክት ደግሞ ቀጣዩን ክፍል ሊያሻሽል ይችላል፤ ለሚቀጥለው አድማጭ ግን አይታይም። ስለዚህ መንገዱን ከመምረጥ በፊት ለማን መናገር እንደምንፈልግ ማወቅ ያስፈልጋል።

እያንዳንዱን መንገድ የምመዝነው በሦስት ጥያቄዎች ነው። ምዘናውን መስጠት የሚችለው ማን ነው፤ ያደመጠ ሰው ብቻ ነው ወይስ ማንኛውም አካውንት ያለው ሰው? ምዘናው የሚመለከተው ምንን ነው፤ ጠቅላላውን ዝግጅት ነው ወይስ አንዱን ክፍል? የተሰጠውን ምዘና ለመደበቅ ወይም ለማጥፋት የሚችለውስ ማን ነው? ከሦስቱ መካከል የመጨረሻው ብዙም የማይነሣ ቢሆንም እኔ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለእርሱ ነው፤ ምክንያቱም አዘጋጁ ያጣራው አስተያየት የአዘጋጁን ምርጫ እንጂ የአድማጩን ስሜት አያሳየንም።

አፕል ፖድካስትስ

አፕል ፖድካስቶችን አይቲውንስ በተባለው የሙዚቃ መተግበሪያው በኩል ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። «ኮከብ ስጡን፣ አስተያየት ጻፉልን» የሚለው የአዘጋጆች ልመና ሥር የሰደደውም በዚሁ ቤት ነው። አድማጩ በዝግጅቱ ገጽ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ ከፈለገም ርእስ ያለው አስተያየት ይጽፋል። ምዘናው የሚመለከተው ጠቅላላውን ዝግጅት ነው፤ ለአንድ ክፍል ብቻ ኮከብ መስጠት አይቻልም። አዘጋጁ የማይወደውን አስተያየት በራሱ ፈቃድ ማንሣት አይችልም፤ ደንብ የሚጥስ መስሎ ከታየው ለአፕል ማመልከት ብቻ ነው የሚችለው። በዚህ ረገድ ከሌሎቹ መንገዶች ሁሉ የተሻለ ነጻነት ያለው መድረክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። የአፕል ኮከቦችና አስተያየቶች የሚሰበሰቡት በአገር በአገር ተለይተው ነው። በአሜሪካ አካውንት የሚጠቀም ሰው የሚያየው በአሜሪካ የተሰጠውን አማካይ ሲሆን በስዊድን አካውንት የሚጠቀም ደግሞ በስዊድን የተሰጠውን ያያል። ብዙ አድማጭ በአንድ አገር ላላቸው ዝግጅቶች ይህ እምብዛም አይጎዳቸውም። አድማጮቹ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ ለተበተኑበት የአማርኛ ፖድካስት ግን ትልቅ ነገር ነው። አንድ መቶ ሰው ኮከብ ቢሰጥም መቶው በአንድ ገጽ ላይ አይደመርም፤ በአንዱ አገር ሠላሳ፣ በሌላው አራት፣ በሌላው አንድ ሆኖ ይቀራል። በኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው የስልክ ተጠቃሚ የሚይዘው አንድሮይድ ስለሆነ በአፕል ገጽ ላይ የሚታየው የአማርኛ ዝግጅት ምዘና በአመዛኙ የውጭ አገር ነዋሪዎችን ጣዕም የሚያንጸባርቅ እንደሚሆን መገመት ያስቸግራል አልልም። ስለዚህ በአፕል ላይ «ሦስት ምዘና ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ዝግጅቱ አድማጭ የለውም ብሎ መደምደም የለበትም።

በአዘጋጆች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነትም መታረም አለበት። ኮከብና አስተያየት ዝግጅቱን በአፕል የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ከፍ ያደርገዋል የሚለው ማለቴ ነው። አፕል ራሱ ለአዘጋጆች ባወጣው ማብራሪያ ሠንጠረዡ የሚሠራው ሰዎች ምን ያህል እንዳደመጡ፣ ስንት ሰው መከታተል እንደጀመረና ክፍሎቹ ምን ያህል እስከ መጨረሻ እንደተደመጡ በማየት እንደሆነ፣ ኮከብና አስተያየት ግን በስሌቱ እንደማይገቡ ገልጿል። የአፕል ኮከብ ጥቅሙ በገጹ ላይ ቆሞ ለሚያመነታ አድማጭ ነው። ዝግጅቱን በሠንጠረዡ ላይ መርዳት የሚፈልግ ሰው ክፍሎቹን እስከ መጨረሻ ቢያደምጥ ከኮከቡ የበለጠ ይረዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ በዚህ ገጽ ላይ ለአንድ የታሪክ ፖድካስት ሁለት ኮከብ ሰጥቼ ነበር። ምክንያቴ የእንግዳው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ያህል ስለሚደክም በመንገድ ላይ ሆኖ ማድመጥ አለመቻሉ ነበር። ይህን ግን አልጻፍኩም። ሁለቱ ኮከቦች ብቻ ቀሩ፤ ያያቸው ሰው የታሪኩ ይዘት ደካማ ነው ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ስፖቲፋይ

የሙዚቃና የፖድካስት ማድመጫ የሆነው ስፖቲፋይ ለፖድካስት ኮከብ መስጠትን የጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ነው። ከአፕል የሚለይበት ዋናው ነጥብ ያላደመጠ ሰው ኮከብ እንዲሰጥ አለመፍቀዱ ነው፤ ኮከቡም የሚሰጠው በስልክ መተግበሪያው በኩል ነው። አማካዩ ለሕዝብ የሚታየውም ቢያንስ አሥር ያህል ሰዎች ከመዘኑ በኋላ ነው። ሁለቱም ጥሩ ጥንቃቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው በአንድ ሰው ወይም በአንድ አቋም ላይ በተነሣ ቁጣ፣ ዝግጅቱን ከፍቶ የማያውቅ ሰው እየመጣ አንድ ኮከብ የሚጥልበትን ዘመቻ ቢያንስ ያዘገየዋል። ሁለተኛው ደግሞ አዘጋጁና ሦስት ጓደኞቹ የሰጡት አምስት ኮከብ እንደ ሕዝብ ፍርድ እንዳይታይ ያደርጋል።

በኮከቡ ላይ ጽሑፍ አይታከልበትም። የጽሑፍ አስተያየት የመጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሲሆን የሚጻፈው በየክፍሉ ሥር ነው። ይህ ከአፕል የተሻለ ያደርገዋል፤ አድማጩ የትኛውን ክፍል እንደሚመለከት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ይሁንና የትኛው አስተያየት ለሌሎች እንዲታይ የመወሰን ሥልጣን የአዘጋጁ ነው፤ ከፈለገም አስተያየት መቀበሉን ጭራሹን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ በስፖቲፋይ ላይ ኮከቡን እንደ አድማጮች ድምፅ፣ ከክፍሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ደግሞ እንደ አዘጋጁና አድማጮቹ ውይይት አድርጎ ማንበብ ይገባል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለማመን ጊዜ ያለው ሰው ኮከቡን ይመን።

ዩቲዩብና ቴሌግራም

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የአማርኛ ፖድካስት አድማጭ ያለው እዚህ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሪያድ ፖድካስት የሚባለው ነገር የሚደርሰው በዩቲዩብ ቪዲዮ ወይም በቴሌግራም ቻናል በተለቀቀ የድምፅ ፋይል ነው። ስለዚህ የአማርኛ አድማጭ ምዘናውን የሚሰጠው በኮከብ ሳይሆን በላይክ፣ በኮሜንትና በስሜት ምልክት ነው፤ በእነዚህ ላይ መቆየታችን ተገቢ ነው።

ዩቲዩብ በአንድ ወቅት የአምስት ኮከብ ምዘና ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው አኃዞቹን ሲመረምር ተመልካቾች በአብዛኛው አምስት ኮከብ እንደሚሰጡ፣ ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ኮከብ እንደሆነና መካከለኞቹ እምብዛም እንደማይነኩ አስታወቀ፤ በቀጣዩ ዓመትም ኮከቡን አንሥቶ የመውደድና ያለመውደድ ቁልፎችን አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ደግሞ ያልወደዱ ሰዎች ብዛት ለሕዝብ እንዳይታይ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በገጹ ላይ የሚታየው የወደዱ ሰዎች ቁጥር ብቻ ነው። አምስት ሺህ ላይክ ያየ ሰው ያልወደዱት አምሳ ይሁኑ ወይም ስድስት ሺህ ሊያውቅ አይችልም። ላይክን እንደ ብዛት ማንበብ ይቻላል፤ እንደ ሚዛን ማንበብ ግን አይቻልም።

የቴሌግራም ምልክቶችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። በአንድ መልእክት ላይ የትኞቹ የስሜት ምልክቶች እንደሚፈቀዱ የሚወስነው የቻናሉ አስተዳዳሪ ነው። አንድ ቻናል ልብና አውራ ጣት ብቻ ከፈቀደ፣ ከተለቀቀው ክፍል ሥር የሚሰበሰበው ሁሉ ምስጋና ቢሆን አያስደንቅም። አስተያየቶቹም ከቻናሉ ጋር በተያያዘ የውይይት ቡድን ውስጥ ስለሚከማቹ አስተዳዳሪው ሊያጠፋቸው ይችላል። የዩቲዩብ ቻናል ባለቤትም እንዲሁ ኮሜንት መደበቅ፣ መሰረዝና የሚፈልገውን ከላይ መሰካት ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ስለ አማርኛ ፖድካስት ከሁሉ የበለጠ ዝርዝር ነገር የተጻፈው በእነዚህ ኮሜንቶች ውስጥ ነው፤ ጥበቡ ማንበቡ ላይ ነው። ከአማርኛ ኮሜንቶች መካከል ብዙውን ቦታ የሚይዙት «በርቱ»፣ «ዕድሜና ጤና ይስጥልን»፣ «እናመሰግናለን» የሚሉት ናቸው። እነዚህ ምርቃት እንጂ ምዘና አይደሉም። የሠራን ሰው መመረቅ ባህላችን ነው፤ ምርቃቱ ከልብ ቢሆንም ዝግጅቱ ለእርስዎ የሚስማማ ይሁን አይሁን አይነግርዎትም። በሌላ በኩል ይሉኝታ ያለው አድማጭ ጉድለት ሲያይ ዝም ይላል፤ ዝምታውን የሚሰብረው ሲናደድ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ንግግሩ ከሥራው አልፎ ሰውየውን መንካት ይጀምራል። በምርቃቱና በቁጣው መካከል ያለው፣ «ይህ ነገር ጥሩ ነው፤ ይህኛው ግን ቢስተካከል» የሚለው አስተያየት በቁጥር ትንሽ ነው። እርሱን ለማግኘት ኮሜንቶቹን ዩቲዩብ ከሚያስቀድማቸው ይልቅ በቅርብ ጊዜ ቅደም ተከተል አስተካክሎ ወደ ታች መውረድ ይጠቅማል። የክፍሉን ደቂቃ የጠቀሰ፣ የእንግዳውን ንግግር ነጥብ አንሥቶ የተከራከረ ወይም ስሕተት ያረመ ኮሜንት ካገኙ፣ ጸሐፊው ክፍሉን በእርግጥ አድምጦታል ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት ኮሜንቶች ከሦስት ሺህ ላይክ የበለጠ ያስረዳሉ።

ገለልተኛ የምዘና ገጾች

እንደ ፖድቼዘር ያሉ ገጾች ለዝግጅቱም ለእያንዳንዱ ክፍልም ኮከብና አስተያየት ለመስጠት ያስችላሉ፤ አዘጋጁም መልስ መጻፍ ይችላል። በአንድሮይድ ላይ የሚሠራው ፖድካስት አዲክትም የራሱ ኮከብና አስተያየት አለው። በአሠራር ረገድ ፖድቼዘርን ከሁሉም አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ክፍልን ከዝግጅት ለይቶ ይመዝናል። የአማርኛ ዝግጅቶችን ስፈልግ ግን ብዙውን ጊዜ ያገኘሁት ባዶ ገጽ ነው። በእንግሊዝኛ ለሚያደምጥ ሰው የሚጠቅም መንገድ ነው፤ በአማርኛ ለሚያደምጥ ግን ገና ሰው ያልገባበት ቤት ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

አንድ ዝግጅት 12 ሰዎች መዝነውት አማካዩ 5.0 ነው እንበል፤ ሌላው 900 ሰዎች መዝነውት 4.6 ነው። የትኛውን ይመርጣሉ? ብዙዎች ዓይናቸው የሚያርፈው በ5.0 ላይ ነው። ሁለቱን ለማወዳደር የሚረዳ ቀላል ስሌት አለ፤ ለሁለቱም ሦስት ኮከብ የሰጡ 20 ምናባዊ ሰዎችን መጨመር ነው። የመጀመሪያው 60 ኮከብ ስለነበረው 60 ሲጨመርበት 120 ይሆናል፤ ለ32 ሰው ሲካፈል 3.75 ይመጣል። ሁለተኛው 4140 ኮከብ ስለነበረው 4200 ይሆናል፤ ለ920 ሰው ሲካፈል 4.57 ገደማ ነው። የመጀመሪያው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ስለ እርሱ የምናውቀው ገና ትንሽ ነው ማለት ነው። በጥቂት ሰዎች የተመዘነን አዲስ ዝግጅት በኮከቡ መምረጥም መጣልም አይገባም፤ አንድ ክፍል አድምጦ መወሰን ይሻላል።

አማካዩ ብቻውን ሌላም ነገር ይደብቃል። ሁሉም ሰው አራት ኮከብ የሰጠው ዝግጅት አማካዩ 4.0 ነው። ከአራት ሰዎች ሦስቱ አምስት፣ አንዱ አንድ ኮከብ የሰጡትም ዝግጅት አማካዩ 4.0 ነው። የመጀመሪያው ሁሉም በመጠኑ የወደደው ሲሆን ሁለተኛው ሰዎችን የከፈለ ነው። በፖለቲካና በሃይማኖት ጉዳይ የሚወያዩ የአማርኛ ዝግጅቶች ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ አንድ ኮከቡ የሚናገረው ስለ ዝግጅቱ ጥራት ሳይሆን ከእንግዳው ጋር ስላለ አለመስማማት ሊሆን ይችላል። የኮከቦቹ ክፍፍል በሚታይበት ገጽ ላይ አስቀድሞ እርሱን መመልከት፣ ቀጥሎም ሦስትና አራት ኮከብ የሰጡ ሰዎች የጻፉትን ማንበብ እመክራለሁ። እነዚህ ሰዎች የሚያስመሰግነውንም የሚያስነቅፈውንም ለይተው የመናገር ልማድ አላቸው።

አዘጋጁ ራሱ ለኮከብ ሽልማት የሚሰጥ ከሆነ ቁጥሩን አለማመን ይሻላል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው፣ ከጥቅምት 21 ቀን 2024 ጀምሮም የሚሠራበት ደንብ የውሸት አስተያየትን፣ እንዲሁም መልካም ብቻ እንዲጻፍ ተብሎ የሚሰጥ ክፍያን ይከለክላል። «አስተያየት ጻፉ» ማለትና «አምስት ኮከብ ለሰጠን ስጦታ አለ» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አድማጮች ይህን ልዩነት እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

የቱን ልምረጥ?

ዓላማዎ አዲስ አድማጭ ወደ ዝግጅቱ እንዲመጣ ማድረግ ከሆነና አይፎን የሚጠቀሙ ከሆነ በአፕል ላይ ኮከብ ከጽሑፍ ጋር ይስጡ። በውጭ አገር ለሚኖር አድማጭ ይህ ይበልጥ ይመለከተዋል፤ በኖርዌይ ወይም በእስራኤል ገጽ ላይ የአንድ ሰው ጽሑፍ ብቸኛው ሊሆን ይችላልና። ጽሑፉን በአማርኛ መጻፍ ተገቢ ነው፤ የሚያነበው አማርኛ የሚያደምጥ ሰው ነው። አንድሮይድ የሚጠቀሙ ከሆነና በስፖቲፋይ የሚያደምጡ ከሆነ ኮከቡን እዚያ ይስጡ፤ ጽሑፉን ደግሞ በክፍሉ ሥር ወይም በዩቲዩብ ይጻፉ።

ዓላማዎ ሥራው እንዲሻሻል ከሆነ ግን በመጀመሪያ ለአዘጋጁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም በቀጥታ ይንገሩት። የድምፅ ጥራት፣ የማስታወቂያ መብዛት፣ የእንግዳን ንግግር ማቋረጥ፣ የስም ወይም የዓመተ ምሕረት ስሕተት፣ እነዚህ ሁሉ በአደባባይ ሲነገሩ እንደ ነቀፌታ፣ በግል ሲነገሩ እንደ እርማት የሚሰሙ ነገሮች ናቸው። ብዙ የአማርኛ ፖድካስቶች የሚሠሩት በአንድ ወይም በሁለት ሰው ጉልበት፣ ከመደበኛ ሥራ በኋላ በሚገኝ ትርፍ ሰዓት ነው፤ አንድ ግልጽ መልእክት የሚያመጣውን ለውጥ ለመገመት አያዳግትም። ከዚህ የምለየው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ሰውን የሚጎዳ የተሳሳተ የጤና ወይም የሕግ ምክር ከተነገረ እርማቱ ሌሎች አድማጮችም በሚያዩት ቦታ መጻፍ አለበት።

ስለሚጻፈው ነገርም ትንሽ ልበል። ሰውን የሚጠቅም አስተያየት የትኛውን ክፍል እንዳደመጡ፣ ምን እንዳገኙበትና ለማን እንደሚስማማ ይናገራል። ለምሳሌ፦ «ስለ ቤት ኪራይ ውል የቀረቡትን ሦስት ክፍሎች አድምጫለሁ። እንግዳዋ የሕግ ቃላትን በቀላል አማርኛ ታብራራለች፤ ውል ልፈርም ስል ልጠይቃቸው የሚገቡኝን ነገሮች አውቄበታለሁ። መግቢያው ግን አሥር ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ቸኩሎ ለሚያደምጥ ሰው ያስቸግራል። አራት ኮከብ የሰጠሁት ለዚህ ነው።» በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ አዲሱ አድማጭም አዘጋጁም የሚይዙት ነገር አለ። ከመጻፍ በፊት ቢያንስ ሦስት ክፍሎችን ማድመጥ ደግሞ ለሁሉም ፍትሐዊ ነው፤ አንድ ክፍል በመጥፎ ቀን የተቀረጸ ሊሆን ይችላል።

የጻፉትን በስልክዎ ማስታወሻም ያስቀምጡ። ጉግል ፖድካስትስ የተባለው የማድመጫ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ተከፍቶ በ2024 ተዘግቷል፤ ስቲቸር የተባለው ሌላ መተግበሪያም በነሐሴ 2023 ተዘግቷል። አድማጮች የሚከታተሏቸውን ዝግጅቶች ዝርዝር ወደ ሌላ መተግበሪያ ማዛወር ነበረባቸው፤ በመተግበሪያ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ነገር እንዲህ ሊጠፋ ይችላል።

በአፕልም ሆነ በስፖቲፋይ የሰጡትን ኮከብ ተመልሰው መለወጥ ይችላሉ፤ ብዙ አድማጮች ይህን አያደርጉትም። ያ ሁለት ኮከብ የሰጠሁት የታሪክ ፖድካስት ከወራት በኋላ በአጋጣሚ ተከፍቶልኝ ሳደምጠው የእንግዶቹ ድምፅ ጠርቶ ይሰማ ነበር። የዚያን ዕለት ገጹን ከፍቼ ሁለቱን ኮከብ ወደ አራት ለወጥሁ፤ ከሥሩም የቀደሙት ክፍሎች በድምፅ ረገድ እንደሚያስቸግሩ፣ አዲስ አድማጭም ከቅርብ ጊዜዎቹ ክፍሎች ቢጀምር እንደሚሻለው ጻፍሁ።